የ1976ቱ ካርታ

በዋሽንግተን አካባቢ ለአንድ የአማርኛ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ግራፊክስ እሠራለሁ። የምነግራችሁ ነገር ካለፈ ቆይቷል፤ ሳስታውሰው ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

የ2024 የአሜሪካ ምርጫ ሊደርስ ሲል የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ካርታዎችን ከ1976 ጀምሬ በተርታ አዘጋጀሁ። ዴሞክራት ያሸነፈበት ግዛት ሰማያዊ፣ ሪፐብሊካን ያሸነፈበት ቀይ። ለሁሉም ዓመት አንድ ዓይነት ቀለም። ተመልካቹ ጎን ለጎን ሲያያቸው ለውጡ እንዲታየው ነው።

ኃላፊያችን ገና የመጀመሪያውን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ይሄን ገልብጠሽዋል።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ቴክሳስ ሰማያዊ፣ ካሊፎርኒያ ቀይ! ኧረ አስተካክይው።»

አልተገለበጠም። ዛሬ ቴክሳስ ሪፐብሊካን፣ ካሊፎርኒያ ዴሞክራት ትመርጣለች፤ ያኔ ግን እንዲህ አልነበረም። የ1976ቱ አሸናፊ ዴሞክራቱ ካርተር የደቡብ ልጅ ነው፣ የጆርጂያ ሰው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ተገንጥለው ከነበሩት የደቡብ ግዛቶች ከቨርጂኒያ በቀር ሁሉንም ወስዷል፤ ቴክሳስንም ጭምር። ካሊፎርኒያ ደግሞ ያኔ የሪፐብሊካን ነበረች። ከ1952 እስከ 1988 ከ1964ቱ በቀር ሁልጊዜ የመረጠችው እነሱን ነው። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው።

መልስ ሳይሰጡ ስልካቸውን አወጡ። ጥቂት ፈላልገው አንድ የድሮ የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጣቢያ ምስል አሳዩኝ። የ1976ቱ ምርጫ ሌሊት ነው፤ አምፖል የሚበራበት ትልቅ ካርታ ቆሟል። ቴክሳስ ቀይ። ካሊፎርኒያ ሰማያዊ።

«እንግዲህ በጊዜው የነበሩት ሰዎች ተሳስተዋል በያ!»

ምስሉ እውነተኛ ነው። ግን ኤንቢሲ በዚያ ዓመት ቀዩን ለካርተር፣ ሰማያዊውን ለሪፐብሊካኑ ተፎካካሪው ለፎርድ ነበር የሰጠው። በ1980 ሪፐብሊካኑ ሬገን ሲያሸንፍም ካርታቸው ሰማያዊ በሰማያዊ ሆኗል። ቀለሙ በየጣቢያው ይለያይ ነበር። የዛሬው አመዳደብ የጸናው በ2000 ነው፤ የሪፐብሊካኑ ቡሽና የዴሞክራቱ ጎር የፍሎሪዳ ድምፅ ቆጠራ ለሳምንታት ሲጓተት፣ ያው ካርታ ከስክሪን ሳይወርድ ሰነበተ። ስለዚህ ያ የድሮ ካርታ የዛሬውን የሚመስለው ሁለት ነገር አብሮ ስለተገለበጠ ነው፤ ቀለሙም፣ ፖለቲካውም።

«ጋሼ፣ ቀዩ እኮ ካርተር ነው» አልኳቸው። «ጆርጂያን ይዩዋት፣ እሷም ቀይ ናት። ካርተር በገዛ ግዛቱ ተሸንፎ ነው?»

ምስሉን አተኩረው አዩት። ከዚያ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ።

«ይሁን፣ ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን ተመልካቹ ይደናገራል። ከ2000 ጀምሪው።»

በዚያው ቀረ። ከ2000 ወዲህ ያለው ብቻ አየር ላይ ዋለ።

ከ2000 ወዲህ ያለውን ብቻ ያየ ሰው አገሩ ድሮም እንዲህ የተከፈለ ይመስለዋል። በ1984 ሬገን 49 ግዛት ሲወስድ ለዴሞክራቱ ሞንዴል የቀረችው የራሱ ሚኒሶታና ዋሽንግተን ዲሲ ብቻ እንደሆነች አያይም። ዛሬ ሪፐብሊካን የምትመርጠው የከሰል ቆፋሪዎቹ ዌስት ቨርጂኒያ በ1988 ለተሸናፊው ዴሞክራት ለዱካኪስ እንኳ ድምጿን እንደሰጠች አያውቅም።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን ቨርጂኒያ ናት። ብዙው ተመልካቻችን አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ ነው የሚኖረው። ግዛቷ ለፕሬዚዳንትነት ከ1968 እስከ 2004 አንድም ጊዜ ዴሞክራት አልመረጠችም። ከ2008 ወዲህ ደግሞ አንድም ጊዜ ሪፐብሊካን አልመረጠችም። ዋናው ምክንያት ከዋሽንግተን ጎን ያለው ሰሜኑ ክፍል በሰው መሙላቱ ነው። ከየአገሩ መጥቶ ዜግነት ያገኘው ስደተኛ አለበት፤ የእኛም ሰው አለበት። በ1976 ከእነዚያ የደቡብ ግዛቶች ካርተር ያጣት ብቸኛዋ ቨርጂኒያ ነበረች። በ2024 ደግሞ ዴሞክራቷ ሃሪስ ያገኘቻት ብቸኛዋ እሷው ሆነች። ይህንን ለአርሊንግተን ሰው ሳያሳዩ ማለፍ ያሳዝናል።

አሁን የምርጫ ካርታ ስሠራ ቀለሙን ብቻ አላምንም። በየግዛቱ ላይ የአሸናፊውን ስም እጽፋለሁ። ኃላፊያችን «ስክሪኑን አጣበብሽው» ይሉኛል። እኔም ፊደሉን አሳንሳለሁ እንጂ ስሙን አላወጣም።