የጅቡ ሁለተኛ ዓይን

የተረት ፍጥረታትን መሳል ከጀመርኩ አራተኛ ወር ይዣለሁ። ሐሳቤ በሳምንት አንድ ፍጥረት ነበር። ጅብ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ይኸው ስድስት ሳምንት እሱ ላይ ነኝ። እናንተም የምትለማመዱ አላችሁና የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የሳልኩት ጅብ አልነበረም። ጆሮው የሾለ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ተኩላ የሚመስል ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን የውጭ ተረት ሥዕል እጄ ለምዶት ኖሯል። የኛ ዥንጉርጉር ጅብ ጆሮው ክብ ነው። የፊት እግሩ ከኋላው ስለሚረዝም ጀርባው ወደ ጭራው ቁልቁል ይወርዳል። ይቺን ቁልቁለት ለማግኘት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ መስመሩን ከማጅራቱ ጀምሬ፣ እርሳሱን ሳላነሳ እስከ ጭራው መሳብ ለመድኩ። ያኔ ጅብ ሆነ።

ከዚያ ቁርበት ላይ አስቀመጥኩት። ያው «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? ደረቱን ነፍቶ እንደ ክቡር እንግዳ ተቀምጧል፤ አፍንጫው ግን ወደ ቁርበቱ አዘንብሏል። ይሄን ሥዕል እወደዋለሁ።

ዓይኑ ነው እምቢ ያለኝ። ባስፈራው ሐሰት፣ ባሳምረው ሐሰት። አንድ ቅዳሜ ተነስቼ ዘጌ ሄድኩ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከጀልባ ወርጄ በቡናው ጫካ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፤ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ። ደብተሬን ይዤ አፍጥጬ ስቆም አንድ አባት አዩኝና «ልጄ፣ ዓይናቸውን ቁጠሪ» አሉኝ።

ቆጠርኩ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ያዩናል፤ ሁለት ዓይን አላቸው። ሰይጣኑና ክፉዎቹ ግን ወደ ጎን ዞረዋል፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እነዚህን ሥዕሎች አይቻለሁ፤ ልብ ያልኩት ግን ያን ቀን ነው።

ቤት ስገባ ጭራቅን በአንድ ምሽት ጨረስኩት። ወደ ጎን፣ አንድ ዓይን፣ አለቀ። አያ ጅቦም ብዙ አላስቸገረኝም። ሆዳም ነው እንጂ ሰይጣን አይደለም። ደግሞ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሳና ከ60 ነብር ጋር የኖሩ ናቸው፤ አውሬ ስለሆነ ብቻ ክፉ አይባልም። ሁለት ዓይን ሰጠሁት።

የከበደኝ ሌላው ጅብ ነው። አያቴ የምትነግረን፣ ቡዳው ሌሊት የሚለወጥበት ጅብ። ሲገደል ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ ይባላል። ለሚስል ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፦ ያ ክብ ጆሮ፣ ጠጉሩ መሃል የምታበራ የብር ቀለበት። በመጀመሪያው ንድፌ ከኋላው የቀጥቃጭ ወናፍ አስገብቼ ነበር። ሳየው ደነገጥኩ። በዚህ ወሬ ስንቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ ስንቷ ሸክላ ሠሪ ተገልሏል! አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እኔ ደግሞ በ2ቢ እርሳስ ያንኑ ስድብ መልሼ ልጽፈው ነበር።

ወናፉን አጠፋሁት። ወረቀቱ ላይ ጥላው ቀርቶ ስለነበር አዲስ ወረቀት ላይ እንደገና ጀመርኩ። ዓይኑን ስንት ላድርገው? በተአምረ ማርያም 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ እንኳ በጥርኝ ውኃ ምሕረት አግኝቷል። ይሄ ሰው ደግሞ ሐሜት እንጂ ጥፋት የለበትም።

ስለዚህ ፊቱን ወደኛ አዞርኩት። ሰውነቱ በጨለማ ሰማያዊ ውኃ ቀለም ተውጧል፤ ጉትቻውን ሳልቀባ የወረቀቱን ነጭ ተውኩለት። በሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ያንኑ ነጭ አንዳንድ ነጥብ አስቀረሁ። ትናንት ማታ አያቴን ጠርቼ አሳየኋት። ብዙ አየችውና «የሚያውቀኝ ይመስላል» አለች።