ጨቅላውም 5 ቀን አለው

ዛሬ ሥራ መግባት አላሰኘኝም። ምክንያትም የለኝም። «የዛሬዋ ብትቆረጥብኝስ?» እያልኩ ስገላበጥ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ያቺ ወሬ የማታቆመው። እሷ ሴፍቲኔት በሚባለው፣ ቀለብ የሚያጥረውን ቤተሰብ የአካባቢ ሥራ አሠርቶ በሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም ስትሠራ የቀረችበት ቀን ከክፍያዋ ይቆረጥባት ነበር።

ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ነው የተመለመለችው። እርሻው ሳይበረታ፣ ከጥር እስከ ሰኔ፣ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፈራል፣ መንገድ ይጠገናል። አሠራሩ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ነው። ሕፃኑም ይቆጠራል። 5 ነፍስ ያለበት ቤት 25 ቀን አለው ማለት ነው፤ የልጆቹን ድርሻ ትልልቆቹ ይሞላሉ። አክስቴ ይህን ስታስረዳኝ «ጨቅላውም አምስት ቀን አለው፤ ዶማውን የማነሳለት ግን እኔ ነኝ» ብላ ትስቃለች።

ብልሃቱ አይጠላም። ልጅ የበዛበት ቤት የተሻለ ያገኛል። ነፍሰ ጡርና አራስ ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል። አቅመ ደካማም እንደዚሁ። ይህን ያሰበው ሰው የቤት ጣጣ ያውቃል። ክፍያው ስንዴም ሆነ ብር፣ በክፉ ቀን በሬን ከመሸጥ ያድናል።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። እናት እርከን ላይ ስትውል ቤቱን ማን ይይዛል? ልጆች ሥራው ላይ እንዳይሰማሩ ደንቡ ይከለክላል። ውኃ እንዳይቀዱ፣ ታናናሾቻቸውን እንዳያዝሉ የሚከለክላቸው ግን የለም። የአክስቴ ትልቋ ልጅ ዶማ ሳትጨብጥ ሴፍቲኔት ስትሠራ ከረመች። በዚያው ገንዘብ ደብተር ተገዝቶላታል። የጠፋው ደብተሩን ይዛ የምትሄድበት ቀን ነው። ይህን ለአክስቴ ብነግራት «እና ሳትበላ ትማር?» አለችኝ። ምን ይመለሳል?

የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ለዚህም ተብሎ በሥራው ቦታ የሕፃናት ማቆያ አለ። «ማቆያ» ስላት «የጥጃ?» ብላ አፋጠጠችኝ።

ለትልቋስ ቀኗ ቢቆጠርላት? ያኔ ልጅን ቀጥሮ ማሠራት ሊሆን ነው። የእናቷ ቀን ይቀነስ ቢባል ደግሞ ክፍያው አብሮ ይቀንሳል። ክፍያው ሳይነካ ቀኑ ብቻ ይቀነስ ቢባልስ? ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

እኔ ደግሞ በጀት ዳኛ ሆኜ ቁጭ! የራሴን ደመወዝ እንኳ ወር ከወር ማድረስ ያቃተኝ ሰው።