ደንገጎ አቀበት ላይ ሰባት ጊዜ የጠፋችብኝ ሞተር

ባለፈው እሁድ ከድሬ ተነስቼ ሐረማያ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልቆም ገባሁ። 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፣ ምኑ ያስወራል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ያንን አቀበት ከዚያ በፊት ሰባት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ሰባቱንም ጊዜ ደንገጎ ሳልደርስ ጠፍታብኛለች። መመለሻው ቁልቁለት መሆኑ በጀኝ።

ሞተሯ ሆንዳ ሲጂ 125 ናት። ስገዛት ቆማ የከረመች፣ ዶሮ የሰፈረባት ነበረች፣ ሊብሬዋ ግን የተሟላ ነው። ይህን ኢንጂን የምወደው ስለማያስቸግር ነው። ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞተር ጥገና እንደልብ ለማይገኝባቸው አገሮች ታስቦ ነው። ባልቦላዎቹን የሚገፉት ዘንጎች ናቸው፣ የሚላላ ካቴና ውስጡ የለም። 124 ሲሲ፣ አንድ ፒስተን፣ በቃ። ጓሮ ቆርቆሮ ሥር ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ላሳጥራቸው። የሻንሲውን የኋላ ጫፍ ቆረጥኩ፣ ቱቦ አጉብጬ በየድኩ፣ ረጅሙን ወንበር ጥዬ ለአንድ ሰው የሚበቃ አጭር አሰፋሁ፣ ፓራፋንጎዎቹን አሳጠርኩ። ብየዳ ስጀምር የጎረቤቴ የእማማ ቴሌቪዥን ስለሚንተከተክ ዜናቸውን አይተው እስኪጨርሱ እጠብቅ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ምክር ብቻ አለኝ። መሪው አንገት ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር በግራይንደር እንዳትነኩት፣ ስቱኮም አትለጥፉበት። ቁጥሩ ካልተነበበ ቦሎ የሚባል ነገር እርሱት።

ወደ ጣጣዬ ልመለስ። ኦሪጅናሉ የአየር ፊልተር ሳጥን አያምርም ብዬ አወጣሁትና ሾጣጣ ፊልተር አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ሰካሁ። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ሁሉ አየር ሲበዛ ቤንዚንም ይብዛ፣ ጂግለሩን፣ ማለትም ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ ቡሎን፣ ትልቅ ቁጥር አድርጉት ይላሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቀዳዳው ይሰፋል። 98 የነበረውን 105 አደረግሁት። ያልገባኝ፣ ሰዎቹ የሚነዱት ባሕር ዳርቻ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን መስጠቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የእኔዋ ከተማ ውስጥ ጥቁር ጭስ እየተፋች እንደ ጉንፋናም ታስላለች።

ከዚያ ጂግለር መቀያየር ሆነ ሥራዬ። 102፣ 98፣ 95፣ 92። ርካሾቹ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ፣ 95 የሚለው ቀዳዳ ከ98ቱ ሰፍቶ አግኝቻለሁ፤ በጊታር ክር እያስገባሁ ነበር የማወዳድረው። አንዱን በቀየርኩ ቁጥር እነዳና ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቼ አያለሁ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። የእኔ ካንዴላ ግን አሳበደኝ። ከተማ ውስጥ ስፈታው ጥቁር፣ አቀበቱ ላይ ስትጠፋ ስፈታው ነጭ። ከፍታ ላይ ይብሱኑ መጥቆር ነበረበት! እዚህ ጋ ቆም ብዬ ማሰብ ሲገባኝ ሌላ ጂግለር ገዛሁ። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። የጂግለሮቹን ወጪ ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

የኋላ ጎማዬን ቡሽ በቶርኖ የሠሩልኝ አንድ ጋሼ አሉ፣ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የጨረሱ ጡረተኛ። ሌላ ዕቃ ላስቆርጥ ሄጄ ብሶቴን ዘረገፍኩላቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ስትጠፋ ምን ታደርጋለህ?»

«አምስት ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ ጋሼ።»

«ከዚያስ?»

«ትነሳለች። ሁለት ኩርባ ሄዳ ደግሞ ትጠፋለች።»

«ስትጠብቅ እጅህ ምን ይሠራል?»

«ምንም። ቤንዚን አለ ወይ ብዬ ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ።»

ቶርኖውን አጠፉና ሳቁ። «ታዲያ አንተው እኮ ነህ የምታስነሳት» አሉኝ።

የሰልባትዮ፣ የቤንዚን ታንከሩ፣ ክዳን ላይ መርፌ የማታክል የአየር ቀዳዳ አለች። ቤንዚን በወረደ ቁጥር በምትኩ አየር የሚገባው በእሷ ነው። እኔ ክዳኑን ከሰልባትዮው ጋር አስማምቼ ቀብቼው፣ በላዩ ላይ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ደርቤ ደፍኛታለሁ። ከተማ ውስጥ ኢንጂኑ ቤንዚን የሚጠጣው በጥቂት በጥቂቱ ስለሆነ በክዳኑ ጎማ ጠርዝ ሾልኮ የሚገባው አየር ያብቃቃል። አቀበት ላይ የጋዙን እጀታ ሙሉ ስጠመዝዝላት ግን ሰልባትዮው ውስጥ አየር ያልቅና ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ካንዴላውም የሚነጣው ለዚህ ነው። ጋሼ እዚያው ክዳኑን ፈተው በቀጭን ሽቦ ወጉት፣ ቫርኒሹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላጦ ወጣ።

ለመሆኑ ክዳኑ ለምን ሁለት ጊዜ ተቀባ? የመጀመሪያውን በቆርቆሮ ስፕሬይ ስለቀባሁት ነው። ቤንዚን ጠብ ባለበት ሁሉ እንደ ማስቲካ ተልጎመጎመ። ሰልባትዮ በስፕሬይ አይቀባም፣ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን የመኪና ቀለም ግዙ፣ ያም ቢሆን የክዳኑን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ውተፉና ቀቡ። እኔ ይህን ያወቅሁት እንዴት እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

አሁን 95 ላይ ናት፣ ካንዴላዋም ቡናማ ነው። ሐረማያ ስደርስ ግን የጋዙ እጀታ ግማሽ ላይ ሲሆን ትንሽ ትንገዳገዳለች፣ ጥፋቱ የሾጣጣው ፊልተር ይመስለኛል፤ ዝናብ ሲነካውም አልወደድኩትም። ኦሪጅናሉን ሳጥን ልመልስላት ነው። ለቆራሌ የሸጥኩት በ30 ብር ነበር። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ የተባልኩትን ዋጋ ግን አልነግራችሁም።