ግግ ወጣለት፣ ከዚያ ዳነ

እሁድ ማታ ነው። ከእህቴ ቤት ተመልሼ ከገባሁ አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ነገሩ ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ እየጻፍኩት ነው።

የእህቴ ልጅ ሰባት ወሩ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ዛሬ ስደርስ እማዬ ጣቷን አፉ ውስጥ አስገብታ ድዱን ትዳብሳለች። "ይኸው፣ ነጭ ሆኖ አብጧል። ግግ ነው። ነገ በጠዋት ሴትዮዋ ጋ ሄዶ ይውጣለት" አለች። ግግ የሚባለው ተቅማጥ ያመጣል ተብሎ የሚታመነው የድድ እብጠት ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ድዱን በምላጭ ሰንጥቀው የሚያወጡት የሰፈራችን አዋቂ ናቸው። እህቴ እኔን አየችኝ። ገና አፌን ሳልከፍት እማዬ ቀጠለች፦ "አንቺንስ ያዳነሽ ምን ሆነና? በስምንት ወርሽ አልቀሽ ነበር እኮ። ግግሽ ወጣ፣ በሦስተኛው ቀን ጡት ጎትተሽ ጠባሽ።"

ይህን ታሪክ ስሰማው ነው ያደግኩት። እማዬ አልዋሸችም። አስቀመጠኝ፣ ግጌ ወጣ፣ ዳንኩ። ሦስቱም ሆነዋል። ያልታየው፣ ከመጨረሻው በፊት ሹልክ ብላ የገባችው "ስለዚህ" ናት። የሎጂክ መምህራን በላቲን "ፖስት ሆክ" የሚሉት ስህተት ነው፤ "ከዚህ በኋላ" ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ስለመጣ፣ በዚህ ምክንያት መጣ ብሎ መደምደም።

የሕፃን ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ሰው ደግሞ ልጁን አዋቂ ጋ የሚወስደው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ጭንቁ ሲበዛ፣ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ነው። ያኔ ብዙው ልጅ ሊሻለው ተቃርቧል። ምስጋናውን ግን ምላጩ ይወስደዋል። ያ ነጭ እብጠት ደግሞ ገና ያልወጣ የወተት ክራንቻ እንጂ በሽታ አይደለም። ልጅ ምግብ የሚጀምረው፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከተውና ድዱ የሚያብጠው በአንድ ሰሞን ስለሆነ ነው የተምታታብን።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ግጉ ወጥቶ የዳነው ልጅ ታሪክ ቡና ላይ ይወራል። ደም ፈሶት ወይም ቁስሉ አመርቅዞ የሞተው ግን "ዕድሜው አጭር ነበር" ይባልና ያበቃል። እዚያ ላይ "ከዚያ በኋላ" የሚል ሰው የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ጎጂ ልማድ ብሎ በስም ጠቅሷቸዋል። ሰፈራችን ውስጥ ግን ሴትዮዋ ዛሬም አሉ።

ኦአርኤሱን፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስበጠብጥ እማዬ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ "ነገ ቢሻለው ይሄ ነው ያዳነው ልትዪ አይደል? በምን አወቅሽ?" አለችኝ።

ልክ ናት። እኔም "ጠጣ፣ ዳነ" ብዬ ብቻ ከቆምኩ ከእሷ አልሻልም። አንድ ልጅ አይበቃም፤ ብዙዎችን አይቶ፣ ካላገኙት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ሕንድ ድንበር ላይ በሰፈሩበት ካምፕ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አላዳርስ ሲል ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በውሃ እየበጠበጡ በአፍ ማጠጣት ጀመሩ። ከ100 ሕሙማን እስከ 30 ይሞቱ ከነበረበት፣ ሟቾቹ ከ4 በታች ሆኑ። ይህን ለእማዬ ስነግራት ጸጥ ብላ ሰማችኝ። "ደግሞ ተቅማጡን ያቆመዋል አላልኩሽም። ውሃው እንዳያልቅበት ነው" አልኳት።

ከዚያ እጇን ያዝኩና ጣቷን በታችኛው ድዴ ላይ፣ በግራ በኩል አስቀመጥኩት። እዚያ ክራንቻ የለም። የጥርስ ሐኪሙ ገና እንዳየው ነበር "ግግ ወጥቶልሽ ነበር እንዴ?" ያለኝ። ሥር ያለው ዋናው ጥርስ ገና ሳያድግ አብሮ እንደሚነካ የነገረኝም እሱ ነው። እማዬ ክፍተቱን ቀስ ብላ ዳበሰችው። "እኔ እኮ እንድትድኚልኝ ነው" አለች። አውቃለሁ እማዬ።

ልጁ በማንኪያ በማንኪያ ሲጠጣ አመሸ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ እንገናኛለን። እማዬ "እኔ አዝለዋለሁ" ብላለች።