መኮንን ወይስ መኮንኑ?

አባቴ የሩሲያን ፊደል ያስተማረኝ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። 33ቱንም ፊደላት በካርቶን ላይ ጽፎ ከመኝታዬ ራስጌ ሰቀለልኝ። ሰዋስውን ግን አላስተማረኝም። ስለዚህ ሩሲያኛ ጮክ ብዬ የማነብ፣ ከማነበው አንድም ነገር የማይገባኝ ሰው ሆኜ አደግኩ።

ይህ ጉድለቴ ችግር የሆነው አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ከፒያሳ በታች ያለውን የአያቴን ቤት ስም ለማዛወር የአባቴና የአክስቴ የአልማዝ ሰነዶች ይተርጎሙ ተባለ። ሁለቱም በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተምረዋል፤ እሱ ኦዴሳ፣ እሷ ኪየቭ። ገንዘብ ከፍለን አስተረጎምን። ትርጉሙ ሲመጣ አባቴ «ብርሃኑ መኮንኑ»፣ አክስቴ «አልማዝ መኮንን» ሆነዋል። ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «እኅትና ወንድም በአባት ስም ይለያያሉ እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አያቴ መኮንን እንጂ መኮንኑ ተብሎ አያውቅም።

ቤት ገብቼ ቡናማዋን ሻንጣ ከአልጋው ሥር ጎተትኩ። ዋናውን ዲፕሎም አወጣሁ። ተርጓሚው አልዋሸም፤ በአባቴ ካርቶን ፊደል ቆጥሬ ሳነብ «ቪዳን መኮንኑ ብርሃኑ» ይላል። የቤተሰብ ስም ቀድሞ መሆኑ ነው። «ቪዳን» ማለት «ተሰጠ» እንደሆነ ከመዝገበ ቃላት አገኘሁ። «ኡ»ው ግን ከየት መጣ?

ፍንጩን የሰጠኝ ሌላ ወረቀት ነው። አባቴ በእጁ የጻፈው አጭር የሕይወት ታሪክ ሻንጣው ውስጥ ነበረ። (የሩሲያኛ የእጅ ጽሑፍ ለብቻው መከራ ነው፤ «ቴ» የተባለው ፊደል የላቲኑን «ኤም» መስሎ ቁጭ ይላል።) እዚያ ላይ «ሮዲልስያ ቭ ጎንዳሬ» የሚል አለ። «ሮዲልስያ» መወለድ ነው። «ጎንዳሬ»ን መዝገበ ቃላት ውስጥ አልፈለግኩትም። ጎንደሬ ነዋ! አባቴ በሩሲያኛም ጎንደሬነቱን ሳይናገር አላለፈም ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ሁለት መስመር ወረድ ስል ግን «ቭ አዲስ አበቤ» አለኝ። አባቴ ራሱን አዲስ አበቤ ሊል? አዲስ አበባን አንድ ቀን እንኳን በደግ አንሥቶ የማያውቅ ሰው!

ያኔ ገባኝ። «ጎንዳሬ» ሰው አይደለም፤ «በጎንደር» ማለት ነው። ከቦታው ሲነሣ «ኢዝ ጎንዳራ» ብሎ ጽፏል፤ «ከጎንደር»። እኛ በ፣ ከ፣ ለ፣ የ እያልን በቃሉ ራስ ላይ የምንጭነውን እነሱ ከፊት ትንሽ ቃል አስቀድመውም ቢሆን የቃሉን ጅራት ሳይነኩ አይለቁትም።

ይህን ለጎረቤታችን ለየኔታ ነገርኳቸው፤ በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩ አዛውንት ናቸው። ምንም አልደነቃቸውም። «አንቺ ልጅ፣ ግዕዙስ ምን ያደርጋል? ንጉሥ ባለቤት ሲሆን ንጉሥ ነው፤ ተሳቢ ሲሆን ርእየ ንጉሠ ትያለሽ» አሉኝ። ቀጥለው ቤት በዘርፍ ሲናበብ፣ ማለትም የማን ቤት እንደሆነ ሲነገር፣ «ቤተ ክርስቲያን» እንደሚሆን አስታወሱኝ። እዚህ ላይ ግን ልዩነት አለ። በግዕዝ ቤተ መኮንን ስንል የሚለወጠው ቤቱ ነው። ሩሲያኛው «ዶም መኮንና» ይላል፤ ቤቱ እንዳለ ቆሞ መኮንን ይለወጣል። የኔታ ጥቂት አሰቡና «ተገላቢጦሽ ነው» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ። እኛም ብንሆን «መኮንንን አየሁ» ብለን ሦስት «ን» ስንደረድር ለሩሲያው ምን እንደምንመስለው እንጃ።

ዲፕሎሙ «ለመኮንን ብርሃኑ ተሰጠ» ነው የሚለው። «ለ»ው «ኡ» ሆኖ ከስሙ ጅራት ላይ ተለጥፏል። ብርሃኑ ግን ቀድሞውኑ በ«ኡ» ስለሚያልቅ አልተነካም። በአንድ መስመር ላይ ሁለት «ኡ» አሉ፤ አንደኛው እናቱ ያወጣችለት፣ ሁለተኛው ሩሲያኛ ያበደረው። ተርጓሚው ሁለቱንም የአባቴ አድርጎ ቆጠራቸው።

አክስቴስ? የወንድ ስም በተነባቢ ካለቀ ይረባል፣ ማለትም ጅራቱ ይለወጣል፤ ያው ስም የሴት ሲሆን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ አልማዝም መኮንንም እንዳሉ ተጻፉ። ሴትነቷ የታወቀው በግሡ ጭምር ነው፤ የአባቴ ዲፕሎም «ኦኮንቺል» (ጨረሰ) ሲል የእሷ «ኦኮንቺላ» (ጨረሰች) ይላል።

እንዲህ ያለ ሰነድ ቤታችሁ ካለ፣ ከበደ፣ ታደሰና ኃይሉ አያስቸግሯችሁም፤ ጅራታቸው አይለወጥም። ደስታንና ግርማን ግን ጠርጥሩ። በ«አ» የሚያልቁ ስሞች ወንድም ሴትም ቢሆኑ ይለወጣሉ፤ ለደስታ የተሰጠ ወረቀት «ደስቴ» ይላል። ብርሃን የሚባል ወንድ ካላችሁ ደግሞ ወረቀቱ ላይ «ብርሃኑ» ሆኖ ይጠብቃችኋል። ባለቤት ሆኖ የተጻፈበትን ሌላ ሰነድ ካላገኛችሁ በቀር ከእውነተኛው ብርሃኑ አትለዩትም።

ቀኑም ያው ነው። «28 ኢዩንያ 1984 ጎዳ» ይላል፤ በእኛ ሰኔ 21 ቀን 1976 ዓ.ም.። ዓመት «ጎድ» ነው፤ «የዓመት» ሲሆን «ጎዳ»። 1984 ጎዳ! አባቴ በተመረቀ በጥቂት ወራት ውስጥ የ1977ቱ ረኀብ ሀገሩን አዳረሰ። ቃሉን ባነበብኩ ቁጥር አማርኛው ነው የሚሰማኝ።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ የግዕዙን ምሳሌ ጨምሬ፣ ለተርጓሚው ወሰድኩለት። ተከራከረኝ፤ በመጨረሻ ግን አርሞ ማኅተም አደረገበት። ቤቱም ስሙ ተዛወረ።

ሻንጣዋን ስመልስ አንዲት ፎቶ ወደቀች። ኦዴሳ፣ ወደ ባሕሩ የሚወርዱት 192 ደረጃዎች ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ቆማለች። ጀርባው ላይ «ዶሮጎሙ ብርሃኑ ኦት ኒኒ» ይላል። ይህችን ጽሑፍ ልጅ ሳለሁ ከካርቶኑ እያየሁ ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶኛል፤ አላረመኝም።

ቡና እያፈላች ለነበረችው እናቴ፣ «እማዬ፣ ‹ለውድ ብርሃኑ ከኒና› ነው የሚለው» አልኳት። «ኒኒ የሆነችው ‹ከ› ስለተባለች ነው። ስሟ ኒና ነው።»

እናቴ ጀበናውን ከእሳቱ አወረደች።

«ይኸን ሁሉ ዘመን» አለች፣ «የማላውቃትን ኒኒ ስረግም ኖሬያለሁ?»