ሁለተኛና ሦስተኛ ኮንሶል የመረጥኩበት መንገድ

«ፕሌይስቴሽን ይሻላል ወይስ ኤክስቦክስ?» ለሚለኝ ሰው ቶሎ መልስ አልሰጥም። ሁለቱም ኮንሶሎች (ጌም ማጫወቻ ማሽኖች) አሉኝ፣ ኒንቴንዶ ስዊችም አለኝ፤ ግን መልሼ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ጓደኞችህ በምን ይጫወታሉ? እስከዛሬ የገዛሃቸው ጌሞች የትኛው አካውንት ላይ ናቸው? መጫወት በምትችልበት ሰዓትስ ቴሌቪዥኑ ያንተ ነው?

የማሽኑ ጉልበት ከነዚህ በኋላ ይመጣል። ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በሁለት ቀን ልዩነት ነው ገበያ ላይ የዋሉት፤ የሁለቱም ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ኤኤምዲ ከሚባለው ቺፕ ሠሪ ነው። በወረቀት ኤክስቦክሱ 12 ቴራፍሎፕስ (የግራፊክስ ጉልበት መለኪያ)፣ ፕሌይስቴሽኑ 10.28 ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይህንን በዓይኑ የሚለይ ሰው አላጋጠመኝም፤ የሚከራከርበት ግን ሞልቷል። በእጅ የሚታወቀው ልዩነት ጆይስቲኩ ላይ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ከላይ በሌባ ጣት የሚጫኑት ቁልፎቹ እንደ ጌሙ ይጠነክራሉ፤ ቀስት ስትስብ ጣትህን መልሶ ይገፋል። የኤክስቦክሱ ደግሞ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ይበላል። ሲያልቅ ቀይረህ ትቀጥላለህ፤ የፕሌይስቴሽኑ ሲያልቅ ግን ኬብል ፍለጋ ትነሳለህ።

እኔ ቀድሜ የገዛሁት ፕሌይስቴሽን 5ን ነው፤ ምክንያቱም የፕሌይስቴሽን 4 ዲስኮች ነበሩኝ። አዲሱ ከጥቂቶች በስተቀር የአሮጌውን ጌሞች ስለሚያጫውት የሰበሰብኩት ሁሉ ሜዳ ላይ አልቀረም። ዲስክ የሚቀበለውን ሞዴል የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ዲስክ ታውሳለህ፣ ትዋሳለህ፣ ስትጨርሰው ትሸጠዋለህ። ከኦንላይን ገዝተህ ያወረድከው ጌም ግን አካውንትህ ላይ ታስሮ ይቀራል።

ለሁለተኛው ያወጣሁት መስፈርት አንድ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያው የማይሠራውን ይሥራ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስን ብጨምር ያው ጌም፣ ያው ቴሌቪዥን፣ ያው ሶፋ ነው። ስለዚህ ስዊች ገዛሁ። ቤተሰቡ ፊልም ሲያይ እኔ ጥግ ይዤ እጄ ላይ እጫወታለሁ፤ የኒንቴንዶ ጌሞች የሆኑት ማሪዮና ዜልዳም ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ላይ አይገኙም። ግራ የሚያጋባው ጣት ነው። ስዊች ላይ ኤ ቁልፍ በስተቀኝ ነው፣ ኤክስቦክስ ላይ ከታች። ፕሌይስቴሽን ላይም «እሺ» የሚባለው በታችኛው ቁልፍ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በዞርኩ ቁጥር ልገባ ስል እወጣለሁ፣ ልሰርዝ ስል አጸድቃለሁ። ቁልፎቹን ከሴቲንግ ማቀያየር ይቻላል፤ እኔ ግን ስክሪኑ ላይ የተጻፈውና የምጫነው ቁልፍ ስለሚለያዩብኝ ተውኩት። ጣት ይለምዳል።

ሦስተኛው፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ፣ እውነቱን ለመናገር ቅንጦት ነው። ዲስክ አይቀበልም፣ ግራፊክሱም ከትልቁ ያነሰ ነው። የወሰድኩት ለጌም ፓስ (በወር ክፍያ ብዙ ጌም የሚያጫውት አገልግሎት) እና ለድሮ ጌሞች ስል ነው፤ ከኤክስቦክስ 360 ዘመን የነበሩ ብዙ ጌሞች እስከዛሬ ይሠሩበታል። «እዚያ ብቻ የሚገኝ ጌም አለ» የሚለው ምክንያት ግን እየሳሳ ነው። ሲ ኦፍ ቲቭስ በ2024፣ ፎርዛ ሆራይዘን 5 በ2025 ፕሌይስቴሽን 5 ላይ መጥተዋል፤ ከፕሌይስቴሽን ባለቤት ከሶኒ በኩልም ሄልዳይቨርስ 2 በ2025 ኤክስቦክስ ላይ ወጥቷል። ሁለት ኮንሶል መያዝ ለሚፈልግ ሰው ከሁለቱ ትልልቆች አንዱን ከስዊች ጋር እንዲያጣምር ነው የምመክረው።

ብዙ ኮንሶል ሲኖር ገንዘብ የሚፈሰው ማሽኑ ላይ ብቻ አይደለም። ኦንላይን ለመጫወት የሚያስፈልጉት ፕሌይስቴሽን ፕላስ፣ ጌም ፓስ፣ ስዊች ኦንላይን ሁሉም የየራሳቸው ክፍያ አላቸው። እኔ በዚያ ሰሞን የምጫወትበትን ብቻ እከፍላለሁ፤ በከፈልኩበት ቀን ራሱን እንዳያድስ አጠፋዋለሁ። ፎርትናይትን የመሰለ ነፃ ጌም ብቻ የሚጫወት ደግሞ በሦስቱም ላይ ሳይከፍል ኦንላይን መግባት ይችላል።

ሦስቱም ላይ የሚገኝ ጌም ሲሆን አንዴ ብቻ ነው የምገዛው። ከጓደኞች ጋር የምጫወተው ከሆነ እነሱ ያሉበት ላይ፣ ቀለል ያለና ቶሎ የሚቋረጥ ከሆነ ስዊች ላይ፣ የቀረው ፕሌይስቴሽን ላይ። ማይንክራፍትና ሮኬት ሊግ የተለያየ ኮንሶል የያዙ ሰዎችን አብረው ያጫውታሉ። አብሮ መጫወት መቻል ማለት ግን የደረስክበት ደረጃ ይከተልሃል ማለት አይደለም። ጌሙ የራሱ አካውንት ከሌለው አዲሱ ማሽን ላይ ከዜሮ ትጀምራለህ።

ሜሞሪው (ጌም የሚጫንበት ቦታ) ነው ትዕግሥት የሚፈትነው። ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ 825 ጊጋባይት ቢባልም ለጌም የሚተርፈው 667 ገደማ ነው፤ የ512ቱ ሲሪስ ኤስ ደግሞ 364 ገደማ። ከ100 ጊጋባይት የሚበልጡ ጌሞች ስላሉ ሲሪስ ኤሱ ላይ ሁለት ሦስት ስትጭን ሞላ ይልሃል። በዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ የምትሰካ ከሆነ ይህን እወቅ፤ ለአዲሶቹ ኮንሶሎች የተሠራ ጌም እዚያ ይቀመጣል እንጂ ከዚያ ላይ አይጫወትም። የድሮዎቹ ግን ይጫወታሉ። ስለዚህ የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞቼን በሙሉ ወደ ውጪ አውጥቼ የውስጡን ለአዲሶቹ ለቀቅኩ። የጨረስኩትንም አላጠፋውም፤ ከሃርድ ዲስክ መመለስ እንደገና ከማውረድ በብዙ ይፈጥናል።

አሁን አንዱን ሽጥ ብባል ኤክስቦክሱ ነው የሚሄደው፤ ለመሸጥም እሱ ነው የሚቀልለው። ሴቭ ያደረግኩት (የደረስኩበት ደረጃ) ሁሉ ያለ ክፍያ ክላውድ (የኩባንያው ኦንላይን ማከማቻ) ላይ ስለሚቀመጥ ነገ ሌላ ብገዛ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ግን ክላውዱ የፕላስ ክፍያ ይጠይቃል፤ የፕሌይስቴሽን 5 ጌም ሴቭንም በፍላሽ መገልበጥ አይቻልም። እሱን ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ቢያንስ የአንድ ወር ፕላስ ከፍሎ ሴቩ ክላውድ ላይ መድረሱን ያረጋግጥ፣ ከዚያ ከአካውንቱ ወጥቶ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ሪሴት ያድርገው።