ከቡሽ ጎዳና የሚገነጠለው ቅያስ

ፍልሰታ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው። ኦክላንድ ከእህቴ ቤት ልወጣ ስል ወፍራም ጃኬት ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፀሐዩ ከጠዋቱ ጀምሮ ሞቅ ብሏል። «በዚህ ሙቀት?» አልኳት። «ማዶ ስትሻገር ትመርቀኛለህ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ባቡሩ በባሕረ ሰላጤው ሥር አልፎ ፓውል ጣቢያ አወረደኝ፤ ደረጃውን ወጥቼ ማርኬት ጎዳና ላይ ስቆም የእንጦጦ ጠዋት የመሰለ ብርድ ፊቴን መታኝ። የረጃጅሞቹ ፎቆች አናት አይታይም፤ ጉም ውጦታል። መሀል አገሩን ፀሐይ ሲያግለው የውቅያኖሱን ቀዝቃዛ አየር ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ስለዚህ ሳን ፍራንሲስኮ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንደ እኛ አገር ክረምት ትጠቁራለች።

ደስ አለኝ። ፀሐይ ለብሳ ባገኛት ኖሮ ይከፋኝ ነበር፤ የማውቃት ጉም ለብሳ ነውና። ያወቅኋትም አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ነው። ተማሪ ሳለሁ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ገዛሁ፦ የዳሺል ሃሜት «የማልታው ጭልፊት»፣ እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣ። ሳም ስፔድ የሚባል የግል መርማሪ አለ። ሸሪኩ ማይልስ አርቸር አንድ ሰው ሊከታተል ማታ ይወጣል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲያልፍ ስፔድ ቤት ስልክ ይጮሃል፤ አርቸር ተገድሏል። በከበረ ድንጋይ ተለብጧል የተባለው የጭልፊት ሐውልትም፣ እሱን ፍለጋ የሚዋሸው ውሸት ሁሉም ከዚያች ሌሊት ጋር ይያያዛል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየወረደ በሦስት ቀን ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። አንድ ነገር ግን አዲስ አበባ ሆኜ ሊገባኝ አልቻለም፦ የሞተበት ቦታ። መሬቱን በዓይነ ሕሊናዬ ልሥለው ብል እምቢ አለኝ። የመጣሁት ለእሱ ነው።

ከጣቢያው አጠገብ ያለው ትልቁ ሕንፃ ፍለድ ይባላል። ባለ 12 ፎቅ ነው፤ በ1904 ተሠርቶ ከ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተርፏል። ሃሜት ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት እዚህ ውስጥ ቢሮ ለነበረው ለፒንከርተን የምርመራ ድርጅት ይሠራ ነበር። እውነተኛ መርማሪ ነበር ማለት ነው፤ ደመወዝ እየተከፈለው የሰው ዱካ ተከትሏል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በውትድርና ላይ ሳለ ታሞ፣ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበር። ይህን አውቄው የኖርኩ ነገር ነው። ፓውልን ሽቅብ መውጣት ስጀምር ግን ሌላ ሆነ። አቀበቱ የሚቀለድበት አይደለም፤ በጤና ሳንባ ሁለተኛው መንታ መንገድ ላይ ቆሜ መተንፈስ ነበረብኝ። አጠገቤ በገመድ የሚሳበው ባቡር ደወሉን እያንቋረረ ያልፋል። ሳንባው የቆሰለ ሰው ሌላ ሰው እንዳይጠፋበት፣ እንዳይታወቅበትም እየተጠነቀቀ እዚህ ሲመላለስ አሰብኩት። መጽሐፉ ውስጥ የትኛው መንገድ እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚወርድ አንዴም የማይሳሳተው ለዚህ ይሆናል። መንገዱን የለካው በትንፋሹ ነው።

ሰዓቱ ገና ስለነበር የስፔድ ቢሮ ነበረበት በሚባለው በሰተር ጎዳና ዞር ዞር ብዬ፣ 9 ሰዓት ሲሞላ ኤሊስ ጎዳና ቁጥር 63 ገባሁ። ጆንስ ግሪል ከ1908 ጀምሮ ያለ ምግብ ቤት ነው። ግድግዳው ጥቁር እንጨት፣ እንጨቱ ላይ የድሮ ፎቶግራፍ። ስፔድ እዚህ ቁጭ ብሎ ሹፌር እስኪመጣለት ድረስ ቾፕስ የሚሉትን ባለ አጥንት ሥጋ፣ በፍርን የበሰለ ድንችና የተቆረጠ ቲማቲም ቸኩሎ ይበላል፤ ቤቱም እስከ ዛሬ በስሙ ያቀርበዋል። አስተናጋጁን ድንቹንና ቲማቲሙን ብቻ፣ ያለ ቅቤ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። «ሥጋውስ?» አለ። ጾም መሆኑን ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደና ቲማቲሙን ሰሐን ሙሉ አድርጎ መጣ። ድንቹ በልጣጩ ነው፤ መሀሉን በቢላ ሰንጥቄ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነስኩበት፤ እንፋሎቱ መነጽሬን አለበሰው። ከጠዋት ጀምሮ እህል ላልቀመሰ ሰው ከዚያ በላይ ምን አለ? ሥጋውን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

ጋሼ የመጡት ወደ 11 ሰዓት ገደማ ነው። የእህቴ ባለቤት ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ እዚህ ከተማ ታክሲ ነድተዋል። መኪናቸውን ራቅ አድርገው አቁመው በእግር መጡ። ቦታውን ስነግራቸው ሳቁ። «ቡሽና ስቶክተን? እዚያ ያላወረድኩት ሰው የለም። መጽሐፍ የሚጻፍበት ነገር ግን አላየሁም።»

ስቶክተን ጎዳና ኮረብታው ሥር በዋሻ ይገባል፤ ዋሻው በ1914 የተከፈተ ነው። ቡሽ ጎዳና ደግሞ ከዋሻው አፍ በላይ እንደ ጣሪያ አቋርጦ ወደ ቻይናዎች ሰፈር ይወርዳል። አዲስ አበባ ሆኜ ያልገባኝ ይህ ነበር፤ መንገድ በመንገድ ላይ መሆኑ። ከዋሻው ጎን ያለውን ደረጃ ወጣን። ጋሼ ጉልበታቸውን እየያዙ ነው የወጡት፤ እኔም አልቸኮልኩም። ከላይ ጥቂት እርምጃ እንደሄድን በግራ በኩል ቡሪት ጎዳና አለ። ጎዳና ይባል እንጂ ቅያስ ነው። በአንድ ዓይን የሚያልቅ፣ ጠባብ፣ ጫፉ ዝግ።

ከቅያሱ አፍ ግድግዳው ላይ የነሐስ ሰሌዳ አለ። አርቸር እዚህ አካባቢ እንደተገደለ ይናገራል፤ የገዳዩንም ስም ሙሉውን አስፍሮታል። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ጠጋ ሲሉ ሳላስበው በጀርባዬ ጋረድኩት።

«ጋሼ፣ በማርያም አያንብቡት።»

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ማን እንደገደለው ይናገራል።»

ቆም ብለው አዩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ይህን አልረሳላቸውም።

ሰሌዳውን ለምን እንደዚያ እንደጻፉት አሁንም አልዋጥልኝ ብሏል። ያነበበ ያውቀዋል፤ ያላነበበውን ለምን ይቀሙታል? እኔ ስሙን እዚህ አልጽፍም።

ቅያሱ ውስጥ ገባን። በመጽሐፉ ጊዜ፣ በ1928፣ ይህ ዳር ክፍት ቁልቁለት ነበር፤ አጥር፣ ከሥሩም በስቶክተን በኩል የማስታወቂያ ሰሌዳዎች። አርቸር ተመትቶ አጥሩን ይዞ ወደ ታች ነው የተንከባለለው። ዛሬ ቁልቁለቱ በሕንፃ ተሞልቷል፤ የቅያሱ ጫፍ ግን እንደተዘጋ ነው። ለጋሼ እንዲህ አልኳቸው፦ ሰውየው ጀማሪ አይደለም፣ ክትትል እንጀራው ነው። ሲገኝ ካፖርቱ እንደተቆለፈ ነው፤ ሽጉጡም ከወገቡ አልወጣም። ጋሼ ቅያሱን ከአፉ እስከ ጫፉ አዩት፤ የሹፌር አስተያየት ነው፣ መግቢያና መውጫ የሚለካ። ትንሽ ዝም አሉና «እዚህ ለመዞር ቦታ የለም» አሉ። «እኔ በሌሊት የማላውቀውን ሰው ጭኜ እዚህ ውስጥ አልገባም። ሰውየውስ ምን ብሎ ገባ?»

ይኸው ነው። ስፔድም በመጨረሻ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መልሱም መጽሐፉን ይዘጋዋል። ብዙ የወንጀል ልብ ወለድ አንብቤያለሁ፤ የእኛንም የውጭውንም። በአብዛኞቹ ከተማው መጋረጃ ነው፤ ስሙን ቀይረህ ሌላ አገር ብትወስደው ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም። የሃሜት ቅያስ ግን ምስክር ነው። ጫፉ ክፍት ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይነሳም ነበር። ለስንት ዓመት እንደ ጌጥ ያነበብኩት የመንገድ ስም፣ የጉሙ እርጥበት፣ የአጥሩ ስብራት ሁሉ ማስረጃ ኖሯል፤ መርማሪው ያየውን እኔም አስቀድሜ አይቼው ሳላስተውል አልፌዋለሁ።

ከቡሽ ማዶ ሌላ ትንሽ መንገድ አለች። ሃሜት በአንድ ወቅት የኖረባት ናት፤ በ1988 ከተማው በእሱ ስም ሰይሟታል። ቆመን አየናትና ወደ መኪናው ሄድን።

«ስልኩ ሲደወል የት ነበር መርማሪው?» አሉ ጋሼ ሞተሩን እያስነሱ።

የሚታመነው ሃሜት ለስፔድ የራሱን ቤት እንዳዋሰው ነው፤ ፖስትና ሃይድ ማዕዘን ላይ፣ ቁጥር 891። መጽሐፉ ውስጥ ስፔድ ታክሲ ጠርቶ ነው የሚመጣው። ጋሼ በዚያ ሰዓት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ አምስት ደቂቃ እንደማይፈጅ ነገሩኝ። እኛ በምሽቱ መጨናነቅ ሩብ ሰዓት ፈጀብን።

ሃሜት እዚህ ቤት ውስጥ እስከ 1929 ድረስ ብቻውን ኖሯል። ሚስትና ሁለት ትናንሽ ሴት ልጆች ነበሩት፤ በሽታው ወደ ሕፃናቱ እንዳይተላለፍ ተለይቶ እንዲኖር ተመክሮ ነው። ስለ ስፔድ ብቸኝነት የሚጻፈውን ሳነብ ሁልጊዜ እነዚያ ልጆች ይታወሱኛል። ሕንፃው ተራ የኪራይ ቤት ነው፤ ሰው ይኖርበታል፤ አይገባም። ማዶ ቆሜ አራተኛውን ፎቅ ቀና ብዬ አየሁ። ጉሙ ወርዶ የመንገድ መብራቱን ከቦታል። የማዕዘኑ መስኮት በርቶ ነበር፤ ውስጥ አንድ ሰው ሰሐን ያጥባል መሰለኝ፣ ትከሻው ይንቀሳቀሳል። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ እስኪገባ ቆምኩ። የእህቴን ጃኬት እስከ አንገቴ ዘጋሁት።

ስመለስ ጋሼ የመኪናውን የውስጥ መብራት አብርተዋል። ወንበሩ ላይ ትቼው የሄድኩትን መጽሐፍ መሪው ላይ አስደግፈው ያነባሉ። በሩን ስከፍት ቀና አላሉም፤ በጣታቸው ጠብቅ አሉኝ።